መቻል ለምን ይጮኻል?

«ውሾቹ ይጮኻሉ፣ ግመሉም ይሄዳል» ይላሉ አበው። ግመሉስ መንገደኛ ነው፣ ጩኸቱን ጥሎት ያልፋል። በአንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖር ሰው ግን ወዴት ይሄዳል? በተለይ አራስ ከሆነ? ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ቡችላ ጩኸት ነው። ለጋዜጠኝነት ተማሪ ርዕሱ ቀለል ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። እኛ ቤት ግን ሁለት ወር ሙሉ ከዚህ የከበደ ዜና አልነበረም።

መቻል ያኔ የአምስት ወር ቡችላ ነበር። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት። እስከ ክረምቱ ማብቂያ ድረስ ቀኑን ሙሉ ከእሷ እግር ስር አይጠፋም ነበር። መስከረም ላይ እናቴ የአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሥራ አገኘችና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል መውጣት ጀመረች። እኔም ወደ ግቢ እመጣለሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መቻል እናቴ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ እስክትመለስ ብቻውን ይጮኻል።

ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ሴት ልጅ ከተገላገለች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ እያልኩ ያደግሁባት፣ ከእናቴ ጋር ቡና በተራ የሚጠራሩ ሰው ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእነሱ የተባለ ይመስለኛል። መጀመሪያ በቀስታ «ኧረ ሕፃኗ ቀን አልተኛ አለችኝ» አለች። ቀጥሎ ምንም አላለችም። ከዚያ የቡናው ጥሪ ቀረ። በእኛ ሰፈር ቡና አለመጠራት ከስድብ ይብሳል።

ነገሩን ያባሰው ደግሞ ስሙ ነው። ድሮ ሰው ለጎረቤቱ በአፉ የማይናገረውን በውሻው ስም ይናገር ነበር ይባላል። እናቴ ጠዋት ማታ በራፉ ላይ ቆማ «መቻል! መቻል!» እያለች ስትጣራ፣ ለአራሷ «ቻይው እንግዲህ» የምትል ነበር የሚመስለው። ይህን የነገረን ጡረተኛው ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። እናቴ ደነገጠች፣ ከዚያ በኋላ «ና አንተ» ብቻ ትለው ጀመር። በዚያው ሰሞን ለእኔ ቁርጡን ነገረችኝ። «ስሚ ልጄ፣ እስከ ክርስትናዋ ድረስ ዝም ካላለ አጎትሽ ይውሰደው። ሰው ይበልጥብኛል።» አጎቴ ጋ ውሻ ቀንም ሌሊትም በሰንሰለት ነው የሚያድረው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ስለሆነ የቀረን ስምንት ሳምንት ገደማ ነበር።

ምክር ሰጪ አልጠፋም። አንዱ አፉን እሰሩት ይላል፣ ሌላው ስትገቡ በጨንገር ግረፉት ይላል፣ በጆንያ አድርጋችሁ ሩቅ ወስዳችሁ ጣሉት ያለም አለ። ሁሉም መፍትሔ አለው፣ መቻል ለምን እንደሚጮህ የጠየቀ ግን የለም። እኛ እዚህ ትምህርት ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የምንማረው ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት ብሎ መጠየቅን ነው። ስለዚህ አንድ ጠዋት ስልኬን መቅረጫውን ከፍቼ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ።

ማታ ደብተሬን ይዤ አዳመጥኩት። በሩ እንደተዘጋ መቧጨር ይጀምራል። በሦስተኛው ደቂቃ ጩኸቱ ይነሳል፣ ቀጭንና የማያቋርጥ ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ወደ ማላዘን ይለወጣል። ቆራሌው እየተጣራ በአጥሩ ጥግ ሲያልፍ እንኳ ድምፁን አልቀየረም። ሌባ ወይም መንገደኛ ላይ የሚጮህ ውሻ እንዲህ አይደለም። መቻል የሚጠብቀው ቤት አልነበረም፣ እኛን ነበር።

ስጠይቅና ሳነብ የተረዳሁት ይህ በቡችሎች ላይ የተለመደ ጭንቀት መሆኑን ነው። ውሻ በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው፣ ብቻውን መቆየትን መማር አለበት። ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ መግረፍ ምንም አያስተምረውም፤ ዱላውን ከጠዋቱ ጩኸት ጋር ሳይሆን ከመምጣታችን ጋር ነው የሚያያይዘው። ያኔ ደግሞ መውጣታችንም መግባታችንም ያስፈራዋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ውሾች ምግብ መምጣቱን ከሚጠቁም ምልክት የተነሳ ብቻ ምራቃቸው እንደሚመጣ አሳይቷል። ለመቻል ምልክቱ ቁልፍ ነበር። ቁልፍ ሳነሳ ገና ከመውጣቴ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ቅጂውን ይዤ እትዬ ጋ ሄድኩ። ሕፃኗን አቅፋ ዝም ብላ ሰማችው። «ይኼማ እየፈራ ነው» አለች በመጨረሻ። «የኔዋም ከእቅፌ ሳወርዳት እንዲህ ነው የምትሆነው። ቢሆንም ልጄ መተኛት አለባት።» እኔም ለዚሁ እንደመጣሁ ነገርኳት። ልምምዱ እስኪሳካ ድረስ ቡችላው ለረጅም ሰዓት ብቻውን መተው የለበትም፣ ፍርሃቱ እንደገና ያገረሽበታል። የከሰዓት ፈረቃ የሚማረው የአስር ዓመት ልጇ ጠዋት ጠዋት እኛ ቤት ሆኖ እንዲያጠና ፈቀደች። መቻል የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በሦስት ወሩ ወስዶ ስለነበር በዚያ በኩል ስጋት አልነበረንም።

ከዚያ ማታ ማታ ልምምድ ጀመርን። ቁልፉን አነሳለሁ፣ መልሼ ቁጭ እላለሁ። ጫማዬን አደርጋለሁ፣ ሳህን አጥባለሁ። ቁልፍ ማለት መሄድ ማለት አለመሆኑ ሲገባው ወጥቼ መመለስ ጀመርኩ። መጀመሪያ አምስት ሰከንድ፣ ከዚያ ሠላሳ፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ። ቁም ነገሩ ጭንቀቱ ሳይነሳበት መመለስ ነው፣ ይህ ከሆነ የወጣ ሰው እንደሚመለስ እየለመደ ይሄዳል። ከመውጣቴ በፊት በሰፈሩ አዞረዋለሁ፣ ውሃ አስቀምጥለታለሁ። ያነበብኳቸውን ጋዜጦች ጨማድጄ ካርቶን ውስጥ እጨምርና በመካከላቸው ድርቆሽ እደብቅለታለሁ፣ እሱን ሲፈልግ ይቆያል። ጋዜጣ ከተነበበ በኋላም ሥራ እንዳለው ለክፍሌ ልጆች ነግሬያቸው ስቀውብኛል።

አራተኛው ሳምንት ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ ደርሰን ነበር። አንድ ቀን ግን ልጁ ፈተና ኖሮበት ቀረ፤ መቻልም እስከ 8 ሰዓት ድረስ አላዘነ። በማግስቱ እንደገና ከአምስት ደቂቃ ጀመርን። እናቴ ምንም አላለችኝም፣ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ብቻ አየት አድርጋ አለፈች።

የክርስትናው ቀን ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። እናቴ ዶሮ ወጡን ስታማስል ዓይኗ ከበራችን ላይ አይነሳም ነበር። መቻል ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብቻውን ቆየ። ስልኬን እንደ መጀመሪያው ቀን መስኮቱ ላይ አስቀምጬው ነበርና ማታ ከእናቴ ጋር አዳመጥነው። እልልታ አለ፣ የሰው ሁካታ አለ፣ የጋዜጣ መንኮሻኮሽ አለ፣ በመጨረሻ ደግሞ ማንኮራፋት። እናቴ ሳቀች። አጎቴም ብቻውን ተመለሰ።

ዛሬ መቻል ሦስት ሰዓት ያህል ያለ ጩኸት ይቆያል። ሙሉ ቀን አልደረስንም፤ ስለዚህ የእትዬ ልጅ አሁንም 4 ሰዓት ላይ እየመጣ ይጎበኘዋል። ቡናውም በተራ ነው።

ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ጩኸት የሚሰማ ወይም የሚያሰማ ካለ፣ በመጀመሪያ እንስሳው አለመራቡን፣ አለመጠማቱን፣ አለመታመሙን ይመልከት። ራሱን የሚጎዳ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልገዋል። ከዚያ ስልካችሁን መስኮቱ ላይ አስቀምጡና ውጡ። የቀረጻችሁትንም መጀመሪያ ለጎረቤታችሁ አሰሙት።