ሦስት ቀን በአበርገሌ ቆላ

ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ የሚወርድ መንገደኛ ካፖርቱን የሚያወልቀው ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ነው። ሰቆጣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ አበርገሌ ግን ወደ ተከዜ ያዘነበለ ቆላ ነው። የአበርገሌ ፍየል በስሙ የሚጠራ ዝርያ መሆኑን በኮሌጅ ሳለሁ ባነብም፥ ነገሩ በእውነት የገባኝ መኪናችንን አቁሞ መንገድ አልለቅም ያለውን መንጋ ባየሁ ጊዜ ነው። የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ከተጠራቀመው ውኃ ዓሣ ይወጣል፤ ለምሳችንም ቀረበልን።

ወደ ኒሯቅ የወረድሁት የቀድሞ ተማሪዬ ጋብዞኝ ነበር። ጓደኞቹ እንግሊዝኛ በጽሑፍ ያውቃሉ፤ ለመናገር ግን አፋቸው ይያዛል። ይህን የሰማ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፥ እንግሊዝኛና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመ ስድስት የዮሐንስ ወንጌል ሰጠኝ። «ንግግር ይለማመዱበት፤ የቀረውን ቃሉ ራሱ ይሠራዋል» አለኝ። ተቀበልሁት።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ በአዳማ (ያን ጊዜ ናዝሬት) የአጼ ገላውዴዎስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንግሊዝኛቸውን ለማሻሻል ወደ ሜኖናይት ሚሲዮን ሄደው ነበር፤ የተሰጣቸውም ማንበቢያ ይኸው የዮሐንስ ወንጌል ነበረ። ከዚያ «ሰማይ ብርሃን» የተባለው የወጣቶች ማኅበር ተነሣ፤ በኋላም ከመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተቀላቀለ። ደርግ ያችን ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ቢዘጋትም፥ ዛሬ በአባላት ብዛት ከዓለም ሜኖናውያን ቀዳሚ ከሚባሉት አንዷ ናት። ለቋንቋ የሄደ ልጅ ሌላ ነገር ይዞ ተመለሰ ማለት ነው።

ከግራር ጥላ ሥር የጀመርነው ከሳምራዊቷ ሴት ታሪክ ነበር። ደክሞት ከጉድጓድ አፍ የተቀመጠ እንግዳ ውኃ ይለምናል፤ ለንግግር ልምምድ ከዚህ የተሻለ ከወዴት ይገኛል? አንዷ ልጅ ጀሪካኗን አስቀምጣ ሴቲቱን ሆነች። ውኃን በኽምጣጛ፥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስትጠራ ሁሉም ሳቀ፤ የተያዘውም አፍ ተፈታ።

ከኋላችን ቆመው ያዳምጡ የነበሩ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፥ የምታስተምረው ቋንቋ ነው ወይስ ሃይማኖት?»

«ቋንቋ ነው አባ» አልሁ፤ መልሴ ግን ለራሴም አልጣመኝም።

«ቋንቋ ከሆነ መጽሐፉ ለምን ወንጌል ሆነ? ወንጌል ከሆነስ ለምን እናታቸው በማታውቀው አፍ ተነገረ?»

በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ ትዝ አለኝ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል ሚሲዮኖች ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሊከፍቱ ይችሉ ነበር፤ ሊያስተምሩ የሚፈቀድላቸው ግን ለክርስቲያኖች ሁሉ የጋራ የሆነውን ብቻ ነበር። እኔ ሚሲዮናዊ አይደለሁም፤ በተዋሕዶ ያደግሁ አስተማሪ ነኝ። የሳምራዊቷም ታሪክ የጋራ ነው። ቢሆንም የቄሱ ጥያቄ በሕግ አንቀጽ የሚመለስ አልነበረም። ልጆቹ ለፈተና የሚሆን እንግሊዝኛ ፈልገው ሲመጡ፥ መጽሐፉን ለምን እንደ መረጥሁት አልነገርኋቸውም ነበርና።

ያን ሌሊት በሙቀቱም በሐሳቡም ጥሩ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ሳንጀምር ሁሉን ነገርኋቸው፤ መጽሐፉን ማን እንደ ሰጠኝ፥ ምን ተስፋ አድርጎ እንደ ሰጠኝ፥ እኔም ከተስፋው ጥቂት እንደምጋራ። ያልፈለገ ከትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ይለማመድ አልሁ። ከስድስቱ ሁለቱ ወደ መማሪያ መጽሐፋቸው ዞሩ፤ ባለ ጀሪካኗ አንደኛዋ ነበረች። አፏ ከሁሉ የተፈታው እርሷ ነበረችና ቅር ሳይለኝ አልቀረም።

ቄሱም በሦስተኛው ቀን መጥተው ከተረፉት መጻሕፍት አንዱን ተቀበሉኝ። አማርኛውን በጣታቸው እየተከተሉ ጥቂት አነበቡና ቀና ብለው፥

«ለመሆኑ ዮሐንስን ‹ጆን› ያሰኛቸው ምን ቢቸግራቸው ነው?» አሉኝ።