ባርኔጣዬ በኩርሙክ መንገድ

ወደ አሶሳ ስንነሣ አባቴ «ለቆላ ሰሌን ይሻልሻል» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን አፄ ምኒልክ በፎቶዎቻቸው ከነጭ ሻሻቸው በላይ እንደሚደርቡት ያለ፣ ጠርዙ ሰፊ ጥቁር የሱፍ ባርኔጣ መረጥኩ። ስትገዙ ከጆሯችሁ በላይ ዙሪያውን በሜትር ለኩ፤ ከቅንድብ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ግንባር ላይ ምልክት ሳይተው ከተቀመጠ ልካችሁ ነው።

ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አሶሳ፣ ማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ምርጫዬ አኩርቶኝ ነበር። ቀርከሃውን እያለፍን ወደ ኩርሙክ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ጨመረ። የበርታ አባቶች በነጭ ጥምጥምና በሰፊ ጀለቢያ ዘና ብለዋል። የእኔ ባርኔጣ ግን መኪናው መስታወት ሥር ተረስቶ እንደ ቂጣ ተጣመመ።

ማታ ያረፍንበት ቤት ባለቤት ውኃ አፈሉልኝ። ጠርዙን በእንፋሎቱ ላይ አዞርኩት፤ ሲለሰልስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በመዳፌ ተጫንኩት። እስኪቀዘቅዝ መልቀቅ የለም! አናቱን ቆንጥጦ ማንሳትም አይገባም፤ ቶሎ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ሌሊቱን ማንጎ የሞላ ትሪ ተጭኖት አደረ።

ጠዋት ከአንድ ጎኑ በስተቀር ተቃንቷል። አባቴ ያንን ጎን አይተው ሳቁ፤ ሰሌኑን ግን እስካሁን አልገዛሁም።