አለቀ ሲለኝ አምኜው

ይህ ጽሑፍ ግማሹ እርማት ነው። ባለፈው ሴሚስተር በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ «ሊኑክስ ዊንዶውስን ሠላሳ እጥፍ ቀደመ» የሚል ዜና ያነበባችሁ ካላችሁ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የራሴን ዜና ራሴ አምኜ ጉድ ሆኛለሁ።

የሬዲዮ ዝግጅት ኮርስ የወሰደ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ቅጂዎቻችንን የምናስቀምጥበት የላቦራቶሪው ሰርቨር ቀርፋፋ ነበር። ቀርፋፋ ስል አንድ ቃለ መጠይቅ ገልብጦ እስኪጨርስ ወርዶ ማኪያቶ ጠጥቶ መመለስ ይቻላል ማለቴ ነው። የሚሠራው በዊንዶውስ ሰርቨር ስለሆነ ጥፋተኛውን አስቀድመን አውቀነዋል። ተሰብስበን ጋሼ ወደምንላቸው ቴክኒሻን ሄድን።

ጋሼ አልተከራከሩም። ያው ዓይነት ዲስክ ያለው ሌላ ማሽን ነበራቸውና ሊኑክስ ጭነውበት፣ ሁለቱንም አንድ አንድ ጊጋባይት እንዲጽፉ አዘዟቸው። ሊኑክሱ በ2 ሴኮንድ ጨረስኩ አለ። ዊንዶውሱ ከአንድ ደቂቃ በላይ ፈጀ።

«አዩ ጋሼ!» አልኩ።

«ቆዪ እስቲ እህቴ፣ ሁለት ሴኮንድ ለዚህ ዲስክ አልመሰለኝም።»

እኔ ግን ርዕሱን በልቤ ጽፌ ጨርሻለሁ። ዜናው በማግስቱ ተለጠፈ። ጋሼንም ነዝንዘን ቅጂዎቻችንን ሊኑክሱ ላይ ማስቀመጥ ጀመርን።

በዚያው ሰሞን አንድ አዛውንት አነጋገርኩ። በወጣትነታቸው ማተሚያ ቤት ውስጥ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ይደረድሩ የነበሩ ሰው ናቸው። እሺ እስኪሉኝ ሦስት ቅዳሜ ተመላልሻለሁ። አርባ ደቂቃ አወሩኝ፤ መሀል ላይ የሞተ የሥራ ባልደረባቸውን አስታውሰው ድምፃቸው ተቆረጠ። ያን ዝምታ ፕሮግራሜ ውስጥ እንዳለ ላስገባው አስቤ ነበር።

ላብ ገብቼ ፋይሉን ገለበጥኩ፤ አለቀ አለኝ። መቅረጫው የጋራ ስለሆነ ቀጣዩ ተማሪ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ወዲያው ካርዱን አጠፋሁለት። ሰጥቼው ዞር ከማለቴ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲመጣ ከፍቼ ባየው የፋይሉ ስም ቁጭ ብሏል፣ መጠኑ ግን ዜሮ ባይት። ጋሼ ፊት አለቀስኩ፤ አላፍርም።

እሳቸው ናቸው ቀስ ብለው ያስረዱኝ። ሊኑክስ ጻፍኩ ሲል ብዙ ጊዜ ገና ሜሞሪ ላይ ማስቀመጡ ነው። ቦታው ካሽ ይባላል (እኔ መጀመሪያ ገንዘብ መስሎኝ ነበር)። እዚያ የተከማቸውን ወደ ዲስክ የሚያወርደው ኋላ ነው፤ በተለመደው አቀማመጡ አንድ ጽሑፍ እስከ 30 ሴኮንድ ድረስ ሜሞሪ ላይ ሊቆይ ይችላል። የእኔ አዛውንት በዚያች 30 ሴኮንድ ውስጥ ነበሩ።

ፈተናውን እንደገና አደረግነው። በዚያው «ዲዲ» በሚባለው ትእዛዝ ላይ፣ ዲስኩ ላይ ሳይደርስ ጨረስኩ እንዳይል የሚያስገድድ ቃል ጨመሩበት። 2 ሴኮንዱ 11 ሆነ! ዊንዶውሱን የለኩበት ፕሮግራም ደግሞ መጀመሪያውኑ ሜሞሪውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ዲስክ የሚጽፍ ኖሯል። ስለዚህ አንዱን ሜሞሪ ላይ፣ ሌላውን ዲስክ ላይ ለክተን ነበር ያወዳደርናቸው። ይህን ነው እንግዲህ በትልቁ ጽፌ የለጠፍኩት።

ግን 11 ሴኮንድና ከአንድ ደቂቃ በላይ አሁንም አይቀራረቡም። ምክንያቱን ለማግኘት ጋሼ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ዲስኩ ራሱም የራሱ ትንሽ ካሽ አለው። ያ ሰርቨር ግን የሁላችንን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠብቅ ዶሜይን ኮንትሮለር ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ይህ የመረጃ ቋት ባለበት ዲስክ ላይ የጽሑፍ ካሹን ሆን ብሎ ይዘጋዋል፤ መብራት ድንገት ቢጠፋ የሁሉም ሰው መዝገብ እንዳይበላሽ። እንግዲህ እያንዳንዱ ጽሑፍ የዲስኩን መዞር ይጠብቃል። ዲስኩ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራል፤ በሴኮንድ 120 ማለት ነው፣ አንዱ ዙር 8 ሚሊሴኮንድ ገደማ። ትንሽ ይመስላል። በብዙ ሺህ ቁራጭ ሲባዛ ግን ማኪያቶው እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። እኔ ቀርፋፋ ብዬ የሰደብኩት ማሽን ለካ ለመብራት መጥፋት እየተጠነቀቀ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ጋሼ ለድምፅ ቅጂዎቻችን ብቻ ሌላ ዲስክ ያው ሰርቨር ላይ ጨመሩ። በዚያ ዲስክ ላይ ስንለካ 12 ሴኮንድ ወጣ። 12 ለ11። ለዜና የሚበቃ አይደለም።

ወደ አዛውንቱ ተመልሼ ሄድኩ። በስልክ ለመናገር ድፍረት አጣሁ፤ በር ላይ ቆሜ ነው የነገርኳቸው። «ታዲያ የት ሄደ ልጄ?» አሉኝ። ስለ ሜሞሪና ስለ ዲስክ ልገልጽ ስሞክር ሳቁብኝ። እነሱም ቤት የተደረደረ ገጽ ከመታሰሩ በፊት ከእጅ ወድቆ የሚበተንበት ቀን ነበር አሉ፤ ያኔ ከመሬት እየለቀሙ እንደገና መደርደር ነው። ቡና አስፈልተው እንደገና አወሩኝ፣ በዚህኛው ሃምሳ ደቂቃ። ስለ ባልደረባቸው ግን ቶሎ ብለው አለፉት፤ እኔም መልሼ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ላብ ገብቼ ገለበጥኩ። «ሲንክ» ብዬ ጽፌ ጠበቅኩ። ከዚያ በሌላ ኮምፒውተር ከፍቼ መጀመሪያውን፣ መሀሉንና መጨረሻውን ሰማሁ። ያው ልጅ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። «ጨረስሽ?» አለኝ። ገና ነኝ አልኩት።