የዱቤ ደብተር

ሐጂ ሱቁን ዘጉ። የትኛው ሐጂ እንዳትሉኝ። እኛ ከተማ ጊኒር ያደገ ያውቃቸዋል፤ ሌላ አገር ያደገም በየሰፈሩ አንድ ሐጂ አያጣም።

ዛሬ ጠዋት ስኳር ልገዛ ብቅ ስል መደርደሪያው ባዶ ነው። ሚዛኑ ካርቶን ውስጥ ገብቷል። "ና ኢልማ ኮ (ልጄ)፣ አረፍ በል" አሉኝና ያቺን ሽፋኗ የተገነጠለ የዱቤ ደብተር አወጡ። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ገለጡ። ከስሜ ሥር ዘይት፣ ሳሙና፣ መኮረኒ፣ ሻይ ቅጠል፣ እንደገና መኮረኒ። ድምር 1,840 ብር።

ባለፈው ወር እዚሁ "የሰፈራችንን ነጋዴ እንደግፍ" ብዬ የለጠፍኩት ሰውዬ እኔ ነኝ። ላይክ ያደረጋችሁ አፉ በሉኝ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ እፍረት አይደለም፣ ክርክር ነው። "ሐጂ፣ ያልከፈልኩ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?" አልኩ። ሳቁ። "የአንተማ ትንሽ ናት። ሌላው ሁሉ ከፍሏል" አሉ። ታዲያ ለምን ይዘጋል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ።

እኛ አገር ዱቤ የሚከፈለው ወር ጠብቆ አይደለም፣ አጨዳ ጠብቆ ነው። ሁለት የምርት ወቅት አለን፤ "ገና" እና "ቦና" እንላቸዋለን። "ገና" ሲታጨድ፣ "ቦና" ሲታጨድ ይከፈላል። ገበሬው በሐምሌ የወሰደውን ዘይት ቦናው ኮምባይነር ሲገባለት ይከፍላል። ይከፍላል ደግሞ፣ አይክድም። ግን ደብተሩ ላይ የተጻፈው የወሰደበት ቀን ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ሳምንታት ሳይቆይ 100ን አለፈ። ጅምላ አከፋፋዩ በማግስቱ ዋጋውን ቀየረ። የሐጂ ደብተር ግን ሰኔ ላይ ቆሞ ቀረ። ገንዘቡ ሲመለስ ያንኑ ጀሪካን ዘይት አይገዛም። በሚቀጥለው አጨዳም እንዲሁ። አንድም ሰው ሳይክዳቸው፣ ሁሉም እየከፈላቸው ከሰሩ!

"ዋጋውን ጨምረው አይቀበሉም ነበር?" ብዬ ጠየቅኩ። አዩኝ። "በጊዜ ምክንያት በዕዳ ላይ መጨመር ወለድ አይደለም ወይ?" አሉኝ። ዝም አልኩ።

በነገራችን ላይ ስለዚያች መኮረኒ አንድ ነገር ልናገር፣ አስራ አምስት ዓመት ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነው። አካባቢያችን ያለው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል የፓስታ ስንዴ ዝርያ ያወጣል፤ ጣሊያኖችም መጥተው ገበሬውን በማኅበር አደራጅተው ከፓስታ ፋብሪካ ጋር ለማገናኘት ሠርተዋል። ጥሩ ነው፣ እሰየው። ግን ስንዴው በአይሱዙ ተጭኖ ይወጣና በላስቲክ ታሽጎ፣ የመንገድና የደላላ ሒሳብ ተሸክሞ እኛው ሱቅ ይመለሳል። እናቴ በልጅነቴ "ይሄ የማነው ስንዴ?" ትልና ላስቲኩን ገልብጣ ታየው ነበር። የኛው ነው እማ! ጥቁር አዝሙዱም አብሹም እንደዚያው። ሮቤ ከተማ ስሟ ሳይጠራ ጊኒር የሲራራ ነጋዴ ገበያ ነበረች እኮ (ሮቤዎች አትቆጡ)። ከሲራራ ነጋዴ አገር የራሳችንን ስንዴ በዱቤ ወደምንገዛበት የወረድነው መቼ ነው?

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ሐጂ።

ሥልጠናም ወስደዋል። አንድ ድርጅት አዳራሽ ሰብስቦ ውሃና ማስታወሻ ደብተር አድሎ "ዱቤ አትስጡ" ብሏቸዋል። ሐጂ ያን ማስታወሻ ደብተር ምን አደረጉት መሰላችሁ? የዱቤ ደብተር! "ዱቤ ካልሰጠሁ አጨዳ እስኪደርስ ለማን ልሸጥ?" ይላሉ። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን ለዝያራ የሚጓዘው ሰው በዚህ ሲያልፍ ቴምርና ባትሪ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ እሱ ጥቂት ሰሞን ነው። የቀረው ዓመት ደብተር ነው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ በ2013 ሥራ ሲጀምር እንደ ሠርግ ነበር የተደሰቱት። በኋላ አንዱ ጋ ሄደው ሲጠይቁ መያዣ አምጡ ተባሉ። ቤቱ የአባታቸው ነው፣ ወራሾቹ ስምንት ናቸው፣ ሁለቱ ሳውዲ ናቸው። ሐጂ ዕቃ ነበራቸው፣ ደንበኛ ነበራቸው፣ እምነት ነበራቸው። ያጡት ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ የሚያሻግር ትንሽ ገንዘብ ነው። ለገበሬው ማዳበሪያ ከአጨዳ በፊት በብድር የሚቀርብለት መንገድ አለ፤ ለዚያው ገበሬ ሳሙና በዱቤ የሚሰጠው ሰው ግን በማንም ዕቅድ ውስጥ የለም።

ከፈልኩ። አስር ብር መልስ ሲቀራቸው ዝርዝር ፈለጉ፣ የለም። ከመሳቢያ ውስጥ ሁለት ማስቲካ አወጡ። ሃያ ዓመት ሙሉ በማስቲካ መልስ ያናደዱኝ ሰውዬ ዛሬ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሰጡኝ። ሰርዙኝ አልኳቸው፤ ስሜን በእስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ሰረዙት።

ስኳሩን ሳልገዛ መጣሁ። ሻዩን እንዲሁ እየጠጣሁ ነው የምጽፈው። ይመራል። በቃኝ ለዛሬ።