ታንከር ስናጥብ የተማርነው አማርኛ



ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ «ቤታችሁ ውስጥ አማርኛ የሚነገረው በምን በምን ሥራ ላይ ነው?» ተብለን ስንጠየቅ አንገቴን ደፍቼ ነው የተቀመጥኩት። እኛ ቤት አማርኛ ሦስት ሥራ ብቻ ነበረው፦ ብላ፣ ተኛ፣ ስልኩን አስቀምጥ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ይለያል፤ የእጅ ጽሑፉም ከእኔ ያምራል። አፉን ግን አይከፍትም። በአማርኛ እጠይቀዋለሁ፣ በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነገር ነው።

ዛሬ ለዚያ ጥያቄ መልስ አለኝ። መልሱን ያገኘሁት ደሞ የአርቪ ውሃ ታንከር ሥር ተንጋልዬ ነው።

የምንኖረው ስካይዌይ ነው። ባለቤቴ ካቻምና ያገለገለ አርቪ ገዝቶ ቤታችን አጠገብ አቆመው። መጋቢት ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው እሱ ላይ ነበር።

«ይሄ ቤት ነው ወይስ መኪና?»

«ሁለቱም ነው።»

«እንግዲያው ግብሩንም ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ» አለችና ገባች።

እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ስትመጣ የልጄ አማርኛ ይፈታል ብዬ ነበር ተስፋ ያደረግሁት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ጥፋቱም የኛው፣ የትልልቆቹ ነው።

በፋሲካ ዕለት እንግዶች ነበሩን። ልጄ አንድ ሽማግሌ እንግዳ አጠገብ ተቀምጦ፣ አያቱ ስታደርግ እንዳየው እንጀራውን ገፋ አድርጎ «ብዪ፣ ብዪ እንጂ!» አላቸው። ያን ቃል የሚሰማው እኔ ለታላቅ እህቱ ስናገር ነዋ! ለወንድ፣ ያውም ለትልቅ ሰው ሲሆን እንደሚለወጥ ከየት ያውቃል? ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም የበለጠ የሳቅሁት እኔ ነኝ። እሱ ሳህኑን ይዞ ወደ ክፍሉ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ሳሎን ስትገባ እሱ ይወጣል፤ ስትጠራው ጭንቅላቱን ብቻ ይነቀንቃል።

ሁለት ሳምንት ዝም ብላ አየችው። አንድ ቀን ቡና እያፈላች «ይሄ ልጅ ምን አድርጌው ነው የሚሸሸኝ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ለሜሞሪያል ደይ ዕረፍት ከተራራው ወዲያ፣ ወደ ሰን ሌክስ ለመሄድ አስበን ስለነበር በግንቦት አንድ ቅዳሜ፣ ልጄን ከአማርኛ ትምህርት ቤት ይዤው ስመለስ፣ አርቪውን ከፍቼ ውሃውን ሞከርኩት። ቢጫ ሆኖ መጣ፣ የረግረግ ሽታም ነበረው። ከመስከረም ጀምሮ ታንከሩ ውስጥ የቀረ ውሃ ነው። የከተማ ውሃ ሲመጣ ትንሽ ክሎሪን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ወራት ሲቀመጥ ክሎሪኑ ያልቅና የታንከሩ ግድግዳ የሚያሟልጭ ነገር ይይዛል። አርቪ ያላችሁ ወላጆች ሳታጥቡት እንዳትጠጡ።

ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበር ለእርዳታ ያለኝ አንድ የተኮራረፈ ልጅና አንዲት አያት ነበሩ። የአልጋውን ጣውላ አንስቼ ነጩን ታንከር ሳሳያት እናቴ ሳቀች።

«ይሄማ ሮቶ ነው! እኔ ሮቶ ሳሳጥብ ስንት ዘመኔ!»

እውነቷን ነው። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ስለ ታንከር የሚያስተምረው አያስፈልግም። በርሜሉ፣ ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ የቱ ለመጠጥ የቱ ለልብስ እንደሆነ፣ ውሃ ሌሊት ሲመጣ ማን ተነስቶ እንደሚቀዳ ሁሉም ሥርዓት አለው። እኔም የልጅነቴን ሌሊቶች አስታወስኩ። ለልጄ ግን ይህን ነግሬው አላውቅም።

ሥራው ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ የውሃ ማሞቂያውን አጠፋን፤ ሲቀዘቅዝ ግፊቱን አውጥተን ውሃው ወደ እሱ እንዳይገባ መስመሩን አዞርን። ማጣሪያውን ፈታን። አሮጌውን ውሃ ሣሩ ላይ ለቀቅነው። ቀጥሎ በረኪና። መጠኑ ለ15 ጋሎን ሩብ ኩባያ ነው፤ ሽቶ የሌለው፣ ተራው በረኪና መሆን አለበት፤ ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የኛ ታንከር 40 ጋሎን ስለሆነ ልጄ አስልቶ የኩባያ ሁለት ሦስተኛ ገደማ አለኝ።

እናቴ በጋሎን ነገር አልተዋጠላትም። «በጀሪካን ስንት ነው?» አለች። ልጄ ስልኩን አወጣ፤ 40 ጋሎን 150 ሊትር ገደማ፣ ጀሪካን 20 ሊትር። ሰባት ጣት አሳያትና ስምንተኛውን ግማሽ ድረስ አጠፈው።

«ሰባት ተኩል! ይሄማ ለሳምንት ይበቃ ነበር» አለች።

በረኪናውን መጀመሪያ አንድ ጋሎን ውሃ ውስጥ በጥብጬ፣ ጫፏን በቆረጥኳት የፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጌ ታንከሩ ውስጥ ጨመርኩት። ከዚያ መሙላት ነው። እናቴ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ቧንቧ ያዘች፤ ልጄ አርቪው ውስጥ ሆኖ የታንከሩን መጠን የሚያሳየውን መብራት ያያል፤ እኔ የውሃውን ጎማ አስገብቼ ቆምኩ። ሥር ያለው ማፍሰሻ በደንብ እንዳልተዘጋ አይቼ ላጠብቀው ተንጋልዬ ገባሁ። በዚህ መሃል ታንከሩ ሞላና ትርፉ እላዬ ላይ መውረድ ጀመረ።

ልጄ በመስኮት «ተርን ኢት ኦፍ! ተርን ኢት ኦፍ!» ይላል።

እናቴ «ምን አልክ የኔ ጌታ?» ትላለች።

እኔ ሥር ሆኜ በረኪና ያለው ውሃ ዓይኔ እንዳይገባ ፊቴን ሸፍኛለሁ፣ መናገር አልቻልኩም። አንድ ሁለት ሰከንድ ጸጥ አለ። ከዚያ፦

«እማማ! ዝጊው! ዝጊው! ታንከሩ ሞላ!»

ዘጋችው። «ዘጋሁት አባቴ!» አለች።

ማንም አልሳቀም። ውሃ እየፈሰሰ ለመሳቅ ጊዜ ያለው የለም። «ዝጊው» ለሴት ነው፤ ልክ ነበር። ብወጣና «ጎበዝ! አማርኛ ተናገርክ እኮ!» ብለው ኖሮ መልሼ አፉን እዘጋው ነበር ብዬ አስባለሁ። እግዜር ይስጠው ማፍሰሻው ገና ይንጠባጠብ ስለነበር እዚያው ቆየሁ።

ከዚያ ሁለቱ ሥራውን ቀሙኝ። እያንዳንዱ ቧንቧ፣ የወጥ ቤቱም የሻወሩም፣ ቀዝቃዛውም ሙቁም፣ የበረኪና ሽታ እስኪመጣ ድረስ ተራ በተራ ይከፈታል። እሱ ይከፍታል፣ እሷ ታሸታለች።

«ሸተተ?»

«አልሸተተም፤ ትንሽ ቆይ… አሁን ሸተተ። ልክ እንደ ውሃ አጋር!»

ውሃ አጋር አገር ቤት ሰው ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ የሚገዛት የክሎሪን ብልቃጥ ናት። እሷን ለማስረዳት ሌላ ሩብ ሰዓት ሄደ፤ እኔን ግን ማንም አላስተረጎመኝም።

ታንከሩ 12 ሰዓት ያህል መቆየት ስላለበት አሳደርነው። ማታ እናቴ በልጅነቷ ለጥምቀት ጠላ ሲጠመቅ ጋን እንዴት እንደሚታጠብ ነገረችው። መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ይፈተጋል፣ በውሃ ይለቀለቃል፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ይታጠናል።

«ግራዋ ምንድን ነው?»

«ቅጠል ነው፤ ሻካራ፣ መራራ።»

ሻካራ የሚለውን አላወቀውም። ተነስታ እጁን ይዛ ወጣችና መዳፉን የደጁ ሲሚንቶ ላይ በቀስታ አሻሸችው። «ይሄ ሻካራ ነው።» ከዚያ የራሷን ጉንጭ አስነካችው። «ይሄ ደሞ ለስላሳ ነበረ፣ ድሮ።» ልጄ ሳቀ። ሲመለሱ ወሬው ቀጠለ፦ «ከታጠበ በኋላ ጋኑን ጭሱ ላይ ትደፋዋለህ…» ልጄ አቋረጣት። «ድፋ ማለት ውሃ መጣል አይደለም?» ቀን ሥራ ላይ ሰምቶት ነው። እናቴ አሰብ አደረገችና «ሁለቱም ነው» አለችው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ማፍሰስ ጀመርን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በረኪና ያለው ውሃ የመንገድ ፍሳሽ መውረጃ ውስጥ አይለቀቅም። ያ መውረጃ ሳይጣራ ወደ ጅረትና ወደ ሐይቅ ነው የሚሄደው፣ ክሎሪን ደግሞ ዓሣ ይገድላል። ስለዚህ በባልዲ እየቀዳን መታጠቢያ ቤት ደፋነው። አሥር ሊትር በባልዲ፣ አሥራ አምስት ምልልስ። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መክፈቻውን ያዘች፣ ልጄና ባለቤቴ ተሸከሙ።

ከዚያ በፊት አስቤው የማላውቀውን ነገር ያስተዋልኩት ያን ዕለት ነው። ልጄ በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚጨርሰውን አማርኛ ስንት ቦታ ይከፍለዋል! ወደ ባልዲ ሲሆን ቅዳ፣ መጣል ሲሆን ድፋ፣ ሳያስቡት ሲሆን ፈሰሰ፣ በቀጭኑ ሲሆን አንቆርቁር፣ በንጹሕ ውሃ ሲሆን አለቅልቅ። መጀመሪያ «እማማ፣ አፍስሺ» ነበር የሚላት። እሷ «እሺ፣ ልቅዳልህ» ብላ ትከፍታለች። ሦስተኛው ባልዲ ላይ «ቅጂልኝ» አለ። ማንም አላረመውም፤ ትክክለኛው ቃል ሥራው መሃል ስለተመላለሰ ነው የያዘው።

አንድ ጊዜ ባልዲው ከእጁ ሊያመልጥ ሲል አባቱን «አባ፣ ያዢው!» አለው። ሁላችንም ሰማን። የፋሲካው ሳቅ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፣ ከንፈሬን ነከስኩ። ባለቤቴ ባልዲውን ያዘ። እናቴ ቀና ሳትል፣ በዝግታ «ያዘው በለው» አለች። ልጄም «አባ፣ ያዘው» አለና ሥራው ቀጠለ።

ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ሞልተን ለቀቅነው፤ በሁለተኛው ሽታው ጠፋ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ የቀመሰችው እናቴ ናት። «ምንም አይልም» አለች። ለውሃ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም።

ወላጆች፣ ሁላችሁም አርቪ ግዙ ማለቴ አይደለም። መኪና ማጠብ፣ ጓሮ መኮትኮት፣ ሽሮ መሥራትም ያው ነው። ሥራው ሁለት ሰው የሚፈልግ፣ አንዱ ካልተናገረ ሌላው የሚቸገርበት ይሁን። ልጁ ሲሳሳት ትክክለኛውን መልሳችሁ ተናገሩት እንጂ አትሳቁበት፤ በተለይ በእንግዳ ፊት። እኔ በአንድ ሳቅ የዘጋሁትን ለመክፈት 40 ጋሎን ውሃ ነው የፈጀብኝ።

ለዚህ ሳምንት እነዚህን ቃላት ሥራ ላይ ሞክሯቸው። ቅደም ተከተሉ ለወንድ፣ ለሴት፣ ለአክብሮት ነው፦

ክፈት፣ ክፈቺ፣ ይክፈቱ
ዝጋ፣ ዝጊ፣ ይዝጉ
ቅዳ፣ ቅጂ፣ ይቅዱ
ድፋ፣ ድፊ፣ ይድፉ
ያዝ፣ ያዢ፣ ይያዙ
አለቅልቅ፣ አለቅልቂ፣ ያለቅልቁ

እናቴ ሐምሌ ላይ ወደ አገሯ ተመልሳለች። ድሮ ስልክ ስንደውልላት ልጄ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ይልና ስልኩን መልሶ ለእኔ ይወረውር ነበር። አሁን ቀድሞ ይቀበለኛል። የሚጠይቃት ነገር አለው።

«እማማ፣ ውሃ መጣ?»

እሷም ትነግረዋለች፤ ማክሰኞ ሌሊት እንደመጣ፣ ስንት ጀሪካን እንደሞላች፣ ሮቶውን ማን እንዳጠበላት።