ገዳዩን ፍለጋ በካርቱም

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ማንበብና የቆየ ፊልም ማየት ጊዜ ማባከን አይደለም ወይ? ብለው የጠየቁኝ ሰዎች አሉ። ጥያቄው ከቅን ልቦና የመነጨ ስለሆነ አልተቀየምኩም። መልሴ ግን ከክርክር ይልቅ ወግ ነውና፣ የዚህ አምድ አንባቢያን፣ በተለይም ባለቤቶቻችሁ በግዳጅ ላይ የሚገኙ እህቶቼ፣ ጥቂት ብትታገሡኝ በካርቱም ስላሳለፍኳቸው ዓርቦች ላውጋችሁ።

ከ1999 እስከ 2003 ዓ.ም. ከታላቅ እህቴ ጋር በካርቱም እኖር ነበር። ቤታችን ዴም በተባለው፣ የሐበሻ ቡና ሽታ ከየደጁ በማይጠፋበት ሰፈር ውስጥ ነበር። ዓርብ በሱዳን የዕረፍት ቀን ነው። የጁምዓ ስግደት አብቅቶ ሰው ወደየቤቱ ከገባ በኋላ፣ በተለይም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት በሚያዝያና በግንቦት፣ መንገዱ ጭር ይላል። ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ «ሀቡብ» የሚሉት የአቧራ ማዕበል እንደ ግንብ ከአድማስ ተነሥቶ እየገሰገሰ ይመጣና ቀኑን ያጨልመዋል። ያን ጊዜ መስኮት ዘግቶ፣ በበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ወትፎ ከቤት መዋል ነው እንጂ ሌላ ብልሃት የለም።

እህቴ በአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ቤት ትሠራ ነበር። ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አንድ ካርቶን ሙሉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ትተውላት ሄዱ፤ አብዛኞቹ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች ነበሩ። እርሷ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ዐረብኛን ግን እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋዋ ታቀላጥፈዋለች። እኔ ጎንደር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የሄድኩ ስለነበርኩ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ማንበብ አያቅተኝም። ስለዚህ ውል ገባን። እኔ መጽሐፉን በአማርኛ እየመለስኩ አነብላታለሁ፤ እርሷ በዲሹ የሚመጣውን የግብፅ ፊልም ትተረጉምልኛለች።

ውሉ አንድ ሕግ ነበረው። ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት መጽሐፉ ይከደናል። ሁለታችንም ገዳዩ ማን እንደሆነና በምን እንደጠረጠርነው እንናገራለን። የተሸነፈችው የሚቀጥለውን ዓርብ ቡና ታፈላለች። እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሉ ፊት የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። እኔ ክፉ ቃል የሚናገረውን ሰው እጠረጥራለሁ፤ እህቴ ግን ሰዎቹ ለሚናገሩት ነገር ብዙም ጆሮ አልነበራትም። «ጠረጴዛው ላይ የነበረው ብርጭቆ ስንት ነው? አልጋው ተነጥፎ ነበር? መብራቱን ማን አጠፋው?» እያለች ገጹን ወደ ኋላ ታስገልጠኛለች። እንዴት እንደምታውቅ ስጠይቃት፣ «የሰው ቤት የሚጠርግ ሰው ምን ያላየው ነገር አለ ብለሽ ነው?» ትለኝ ነበር።

ከጊዜ በኋላ እንደተረዳሁት፣ የደህና ምርመራ ልብ ወለድ ደንብም ይኸው ነው። ደራሲው ከአንባቢው አንዳች አይሸሽግም። ማስረጃው ሁሉ በገጾቹ ላይ ተዘርግቷል፤ ነገር ግን ዓይናችን ወደ ሌላ እንዲያይ ተደርጎ ነው የተዘረጋው። ዘበኛ ሆኖ ያደረ ወታደር ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል።

በዐረብኛው ወገን ከሁሉ የወደድነው የዩሱፍ ሻሂን ፊልም ነበር፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በሸለቆው ውስጥ ትግል» ይሆናል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954 የተሠራ፣ ኦማር ሸሪፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፋቲን ሐማማ ጋር የተጫወተበት ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በዚህ ፊልም ገዳዩን መፈለግ የለም፤ ተመልካቹ ከጅምሩ ያውቀዋል። የማያውቁት ዳኞቹ ናቸው። ምንም ያላደረገ ሽማግሌ በሰው እጅ ወንጀል ተከሶ ይፈረድበታል፤ በሌሎች ፊልሞች እንደለመድነውም በመጨረሻዋ ደቂቃ የሚያድነው መልእክተኛ አይመጣም። ሽማግሌው ሲሰቀል እህቴ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ተቆጣች። «ይህ ሰው ሕጋችንን ጥሷል፤ ምን እንገምት?» አለች። እኔ ግን የሻሂን ብልሃት የበለጠ መሰለኝ። ሳያውቁ መጠበቅ ያስጨንቃል፤ እያወቁ ለማንም መናገር አለመቻል ግን ከዚያ ይከፋል። የመጨረሻው ተኩስ በካርናክ ቤተ መቅደስ በእነዚያ ግዙፍ ዓምዶች መካከል ሲደረግ፣ ሁለታችንም ቡናው መቀዝቀዙን አላየንም።

ከካርቶኑ ውስጥ የአጋታ ክሪስቲ «ሞት በናይል ላይ» ወጣ። መጽሐፉ የታተመው በ1937 ሲሆን፣ ፒተር ኡስቲኖቭ መርማሪውን ኤርኩል ፑዋሮን ሆኖ የተጫወተበት ፊልም በ1978 ወጥቷል። ገዳዩን አልናገርም፤ ገና ያላነበበ ይኖራል። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ግን የሚያመልጠው አንድ ነገር አለ። በመጽሐፉ ውስጥ መርከቧ ከአስዋን በላይ ካለው ሸላል ተነሥታ እስከ ዋዲ ሃልፋ፣ ማለትም እስከ ሱዳን ምድር ድረስ ትመጣለች። ኮሎኔል ሬስ የተባለው የመንግሥት የምስጢር ሰው ወንጀለኛ ሲያሳድድ የሚሳፈረው ከዚያ ነው። ይህን ባነበብኩላት ጊዜ እህቴ፣ «ዋዲ ሃልፋ እኮ ውሃ ውስጥ ናት» አለች። እውነቷን ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሐይቅ በ1964 ግድም አሮጌዋን ከተማ ዋጣት፤ ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ከአገራችን ወራጅ ውሃ በሚጠጣው በአትባራ ወንዝ አጠገብ፣ ኸሽም ኤል ጊርባ አካባቢ በተሠራችው አዲስ ሃልፋ ሰፈሩ። ፑዋሮ የረገጠው ወደብ ዛሬ የለም። መጽሐፍ ያቆየው ቦታ ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን ከሁሉ የከነከነን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። አርተር ኮናን ዶይል መርማሪውን ሼርሎክ ሆልምስን በ1893 ባወጣው ታሪክ ገድሎት ነበር፤ አንባቢ ስለጎተጎተው በ1903 አስነሣው። ሆልምስ ተመልሶ ለጓደኛው ለዶክተር ዋትሰን ከ1891 እስከ 1894 የት እንደነበረ ሲያስረዳ፣ ከዞረባቸው አገሮች መካከል ካርቱምን ይጠራል፤ ኸሊፋውን እንደጎበኘና ነገሩንም ለእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንዳሳወቀ በሁለት ቃል ተናግሮ ያልፋል። ይህን ስተረጉም እህቴ ጀበናውን አስቀመጠች። «የትኛው ኸሊፋ? አብዱላሂ? የደርቡሹ?» አለች።

የጎንደር ልጅ ለምን ጀበና እንዳስቀመጠች ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያሻኝም። በ1880 ዓ.ም. ጎንደር የተቃጠለችው በዚያ ኸሊፋ ጦር ነው፤ ስንቱ ሴትና ሕፃንም ተማርኮ ወደ ሱዳን ተነዳ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ራሳቸው የተወሰደው ወደዚሁ ሰው ከተማ ነው። ሆልምስ «ጎበኘሁት» የሚለው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ መሆኑ ነው። እህቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ፣ «ታዲያ ሁሉን የሚያይ ሰው ከሆነ፣ የኛን ሰዎች አላያቸውም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሕጋችን መሠረት ግን ማስረጃ መፈለግ ነበረብን። ፍለጋው ቀላል ሆኖ ተገኘ። በእነዚያ ዓመታት ኸሊፋው የሚኖረው ካርቱም አልነበረም። ካርቱም በጥር 1877 ዓ.ም. በማሕዲው ጦር ከተያዘች በኋላ ፈርሳ ነበር፤ መናገሻው በነጭ ዓባይ ማዶ ያለችው ኦምዱርማን ነበረች። ካርቱም እንደገና የተሠራችው እንግሊዞች በ1898 በከረሪ ጦርነት ድል ካደረጉ ወዲህ ነው። በሚከተለው ሳምንት ድልድዩን ተሻግረን፣ ከማሕዲው መቃብር ፊት ለፊት ያለውን፣ ኋላ ሙዚየም የተደረገውን የኸሊፋ ቤት አየን። እህቴ በጭቃ ግድግዳው አጠገብ ቆማ ነጠላዋን አጣፋች። ምንም አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ሌላም ማስረጃ አለ፤ ይኸኛው ያስቃል። ሆልምስ ኸሊፋውን ጎበኘ በተባለባቸው ዓመታት፣ ሩዶልፍ ስላቲን የተባለ ኦስትሪያዊ መኮንን በምርኮ ተይዞ በኸሊፋው ደጅ ያገለግል ነበር። የጄኔራል ጎርደን ተቆርጦ የመጣ ራስ የታየው ይኸው ሰው ነው። ከ11 ዓመት ምርኮ በኋላ፣ የግብፅ ጦር የመረጃ ክፍል በምስጢር ባዘጋጀለት ግመል በየካቲት 1895 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሌሊት ወጥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ ከሦስት ሳምንት በላይ ተጉዞ አስዋን ገባ። የሲጋራ አመድ አይቶ የሰው ታሪክ የሚያነበው ሆልምስ ታዲያ በደጃፉ ላይ የቆመውን ምርኮኛ ሳያየው ገብቶ ወጣ! ደራሲው ኦምዱርማንን ረግጧት ቢሆን ኖሮ ይህን አይስትም ነበር። ያን ዓርብ ቡናውን ማን ታፍላ ብለን ስንከራከር፣ የተሸነፈው ኮናን ዶይል ነው ተባባልን።

ከዚያ ወዲህ ፊልምንም በዚሁ ዓይን ማየት ለመድን። «ካርቱም» የተባለውን የ1966 ፊልም በሲዲ ተከራይተን ስናይ፣ ቻርልተን ሄስተን ጎርደንን፣ ሎረንስ ኦሊቪየ ፊቱን አጥቁሮ ማሕዲውን ሆነው በድንኳን ውስጥ ፊት ለፊት ይነጋገራሉ። ሁለቱ በሕይወታቸው አልተገናኙም። ወንዙም ቢሆን የተቀረጸው ግብፅ ነው። ይሁን እንጂ ፊልሙን ወደድነው፤ ኦሊቪየ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ ጸጉሬ ይቆማል። ጥሩ ውሸት ማየት፣ ውሸት መሆኑን እስካወቁ ድረስ፣ ምንም ነውር የለበትም ባይ ነኝ።

እኛ በነበርንበት ጊዜ የካርቱም ሲኒማ ቤቶች አብዛኞቹ ተዘግተው ነበር። የሰፈር ሽማግሌዎች ኮሎሲየምንና ብሉ ናይልን፣ በክፍት ሰማይ ሥር የሚታየውንም የህንድ ፊልም እያነሡ ይቆጫሉ። አራት ያረጁ የሱዳን ፊልም ሠሪዎች በኦምዱርማን አንድ የተዘጋ ሲኒማ ለመክፈት ሲታገሉ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም በ2019 ወጥቶ በበርሊን ተሸልሟል።

እኔ በ2003 አገሬ ገብቼ ወታደር አገባሁ። እንግዲህ እዚህ ላይ የምላችሁን ታውቁታላችሁ። የካርቱም ጸጥታ ዕረፍት ነበር፤ የወታደር ሚስት ቤት ጸጥታ ግን ሌላ ነው። ስልኩ ሦስት ቀን ካልጮኸ ግድግዳው ራሱ ጥያቄ ይጠይቃል። የዚያን ጊዜ ነው የእህቴ ሕግ ትዝ ያለኝ። አማቴ የቀድሞ ወታደር ነበሩና በሣጥናቸው ውስጥ ማሞ ውድነህ ወደ አማርኛ የመለሷቸው የስለላ መጻሕፍት ነበሩ፤ ገጾቹ ከመነበብ ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሰዋል። ከእነርሱ አንዱን ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ አስቀርቼ፣ ወደ ግዳጁ ቦታ በሚሄድ ጓደኛው እጅ ላክሁለት። «ከዳተኛው ማን እንደሆነ ካልጻፍክ ቀሪው አይላክም» የሚል ማስታወሻ አኖርኩበት።

በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ውስጡ የእርሱ ግምት ብቻ አልነበረም፤ የመቶው አባላት ግምት ከነምክንያቱ ተዘርዝሮ፣ ስምንቱ አንዱን ሰው፣ አምስቱ ሌላውን ጠርጥረው፣ ምግብ አብሳዩ ብቻ ለብቻው አንዲት ሴት ጠርጥሮ ነበር። የመጨረሻውን ምዕራፍ በስልክ አነበብኩላቸው። ትክክል የነበረው ምግብ አብሳዩ ነው። እህቴ ይህን ስትሰማ፣ «አላልኩሽም?» ብላ ሳቀች።

ከእርሷ ጋርም ጨዋታው አልተቋረጠም ነበር። ዓርብ ዓርብ በስልክ አንድ ምዕራፍ አነብላታለሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ከአንድ መጽሐፍ የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ቀርቶን ነበር። ስልኩ ጠፋ። ሳምንታት አለፉ። በኋላ በገዳሪፍ በኩል፣ ከብዙ ሺህ ሰው ጋር፣ በመተማ ወጥታ አንዲት ቦርሳ ይዛ ጎንደር ገባች። የዴሙ ቤትና ያ የመጽሐፍ ካርቶን እዚያው ቀሩ።

ሁለት ቀን ተኛች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እግሯን እያጠብኩላት ሳለ ድንገት፣ «የወንድሙ ልጅ ነው» አለችኝ። መጀመሪያ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። «ገዳዩ። በመኪናው ላይ ሳስበው ነው የመጣሁት። ሰዓቱን ያቆመው እርሱ ነው።»

እጄን አድርቄ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረድኩና የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩላት። የወንድሙ ልጅ አልነበረም። እህቴ ጥቂት አሰበች፤ ከዚያ ተነሥታ፣ «ጀበናሽ የት ነው?» አለች።