ሁለት ቀን በእግር በድሬዳዋ

ድሬዳዋ የሙቀት አገር ነች። ስለዚህ በድሬዳዋ መዞር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሰዓቱን ይወቅ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት በእግሩ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ጥላ ይፈልጋል። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ፀሐይዋ ስትበርድ እንደገና ይወጣል። ቀትር ላይ ሱቁም ይዘጋል፤ ሰውም ሽርጡን አገልድሞ ጋደም ይላል። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ፣ «ምነው ይህ ከተማ ሰነፈ?» ይላል። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት እንደዚያው ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እኔም ተኛሁ።

ቅዳሜና እሑድ ትምህርት የለንም። ዓርብ ማታ፣ «ሁለቱን ቀን ምን እናድርግ?» ብዬ ክፍሉን ጠየቅሁ። አንዱ «እንረፍ» አለ። ሌላው «ዋሻውን እንይ» አለ። በቀፊራ ገበያ ቅመም የሚሸጡ አንዲት እናት ግን እጃቸውን አወጡና፣ «እኔ ባቡር ጣቢያው ላይ የተጻፈውን ማየት እፈልጋለሁ» አሉ። ስንት ጊዜ አይተውት የለም እንዴ? አይተውታል፤ አላነበቡትም። እቅዳችንን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍን። ተማሪዎቹም በየደብተራቸው ገለበጡት።

ቅዳሜ በማለዳ ጣቢያው ደጃፍ ተገናኘን።

አንባቢ ሆይ፣ ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። የባቡሩ ሐዲድ ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ወደ ሐረር እንዲደርስ ነበር። ነገር ግን ሐረር ተራራ ላይ ነች። ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ ባቡሩ በተራራው ግርጌ በሜዳው ላይ ቀረ። ዘመኑ 1895 ዓ.ም. ነበር። ለአዲሱ ከተማም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ተሰጠው። ስሙ ግን አልጸናም። ድሬ በኦሮምኛ ሜዳ ማለት ነው። ሶማሌዎች ደግሞ ድር የተባለው አባታቸው ጦሩን የወጋበት ቦታ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ ክርክር አልገባም። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ድሬዳዋ ብዙ ዘመን ከባሕር የመጣ ዕቃ የሚራገፍባት ከተማ ሆና ቆየች።

ዛሬ የጅቡቲና የአዲስ አበባ መንገደኛ የሚሳፈረው በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው በኤሌክትሪክ ባቡር ነው። የዚህ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ውጭ ነው። የድሮው ጣቢያ ግን በከተማው መካከል ቆሟል።

እናታችን ቀና ብለው ቆሙ። ጽሑፉ በአማርኛም በፈረንሳይኛም ነው። ጣታቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ፊደሉን አንድ ባንድ ቆጠሩ። «ም... ድ... ር... ባ... ቡ... ር» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። ቆይተውም፣ «እዚህ ሥር ቆሜ ስንት ሌሊት ባቡር ጠብቄያለሁ። ጨርቅና ሳሙና ከጅቡቲ አመጣ ነበር። የትኛው ባቡር እንደሚሄድ ሰው ይነግረኛል፤ አንዳንዱ ይዋሸኛል» አሉ። ትኬታቸውን የሚያነብላቸው ሰው ፍለጋ ሲዞሩ ባቡር ያመለጣቸው ጊዜም እንደ ነበር ነገሩን። ሌሎቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

ከጣቢያው ወደ ከዚራ ገባን። ከዚራ በእቅድ የተሠራ ሰፈር ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ግራና ቀኙ ዛፍ ነው። ሰው ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ ፈጢራ በማርና በእንቁላል ይበላል። በጠዋት ፈጢራ ሳይቀምሱ ድሬዳዋን አየሁ ማለት አይሆንም። ደግሞ እዚህ ሰው ታላቁንም ታናሹንም «አንተ» ይላል። ለንቀት አይደለም፤ አገሩ እንዲህ ነው። እኔ «እርስዎ» ባልኩ ቁጥር «አቦ፣ ተወው!» ይሉኛል።

ከከዚራ ወደ መጋላ ለመሻገር ደቻቱን ማለፍ ግድ ነው። ደቻቱ ወንዝ ነው ይባላል። በበጋ ግን ውኃ የለውም። ሰፊ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ግመልና አህያ ያልፉበታል። እንግዳ ሰው መንገድ ይመስለዋል።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ አንድ የቀን ሠራተኛ ተማሪያችን ቆመ። «ቤቴ እዚያ ነበር» አለና በእጁ አሳየን። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. ነው። ዝናቡ የጣለው ከላይ ከተራራው በኩል ነበር። ሰው በእንቅልፍ ላይ ሳለ ጎርፉ በሌሊት ደረሰ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ብዙ ቤት ተጠርጎ ሄደ። ያ ሰው ልጆቹን ይዞ ወጥቷል፤ ጎረቤቶቹ አልወጡም።

ስለዚህ በክረምት ወራት ድሬዳዋ የምትሄዱ፣ አሸዋው ውስጥ ለመቀመጥም ሆነ ለመተኛት አትግቡ። የድሬዳዋ ሰማይ ጥርት ብሎ ደንገጎ ላይ ዝናብ ሊኖር ይችላል። ወደ ደቡብ ወደ ተራራው እዩ። እዚያ ከጠቆረ በድልድዩ ተሻገሩ።

ከድልድዩ ወዲያ መጋላ ነው። መንገዱ ጠባብና ጠምዛዛ ነው። ቀፊራ ገበያም በዚያ በኩል ነው፤ በሩ ቅስት ነው። ሎሚው፣ ማንጎው፣ ቅመሙ፣ እንጨቱ ይሸጣል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪኛ በአንድ መደብ ላይ ይሰማል። እናታችን እዚህ ባለቤት ሆኑ። ለሁላችንም ሻይ ጋበዙን።

እሑድ ጠዋት ወደ ዋሻው ሄድን። ዋሻው ከከተማው በስተደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደቻቱ በላይ በገደል ላይ ይገኛል። ፈረንሳዮች ፖርክ ኤፒክ ይሉታል፤ ጃርት ማለት ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. ቴያር ደ ሻርዳን የተባለ ቄስና ሊቅ ከጓደኛው ከደ ሞንፍሬድ ጋር አገኘው። በውስጡ የድንጋይ መሣሪያ ተቆፍሮ ወጥቷል። ከሁሉ እኔን የገረመኝ ቀይ የቀለም ድንጋዩ ነው። 4,213 ቁራሽ ተገኝቷል፤ ክብደቱ 40 ኪሎ ያህል ነው። የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ ሰዎች እየፈጩ ቀለም ያደርጉት ነበር። በግድግዳው ላይ ሥዕልም አለ፤ ግን ደብዝዟል። ሽቅብ መውጣቱ ያደክማል፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። መንገዱን የሚያውቅ መሪና በቂ ውኃ ሳይዙ መውጣት አይገባም።

እናታችን ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ከታች በዛፍ ጥላ ጠበቁን። ስንመለስ ፀሐዩ በርትቶ ነበርና በባጃጅ ገባን። እሳቸው ከፊት ለፊት ያለውን የሱቅ ሰሌዳ ሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ «ዳቦ ቤት»፣ «ልብስ ስፌት»፣ «መድኃኒት...» ሲሉ ባጃጁ አለፈው። የሾፌሩን ትከሻ መታ አደረጉና፣ «አቦ፣ ቀስ በል! ገና አልጨረስኩትም» አሉ።